ከሄምፕ የሚሠሩ ሸቀጦችና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ

በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ሸቀጥ ስምና የሸቀጡ ባሕርይ ምንጊዜም አንድ ሆነው አይገኙም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ በውስጡ የሚገኘው ሌላ የሆነ ዕቃ በየዘመኑ ታይቷል። አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ነገር ጉዳት በገዢው ኪስና በሻጩ መልካም ስም ላይ ተወስኖ ይቀራል። በአሜሪካ ገበያ እጅግ የተስፋፋው አንድ የሸቀጥ ወገን ግን ከዚህ የከፋ መዘዝ አለው፤ እርሱም ሄምፕ ከሚባለው ተክል የሚሠራው ዘይት፣ ከረሜላ፣ መጠጥና በጢስ መልክ የሚሳብ ነገር ነው። ይህን ሸቀጥ በቅን ልብ ገዝቶ የተጠቀመ ሰው፣ አንዳችም ሕግ ሳይተላለፍ፣ በሽንት ምርመራ አደንዛዥ ዕፅ ወሳጅ ሆኖ ሊመዘገብና የዕለት እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖች መካከል ብዙዎች በጭነት መኪና ነጂነት ሲተዳደሩ፣ ሌሎች ደግሞ የነዳጅ ማደያና የሰፈር ሱቅ ይዘው ይነግዳሉ። ስለዚህ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አንዱ የዚህ ሸቀጥ ሻጭ፣ ሌላው የዚህ ምርመራ ተመርማሪ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። ከዚህም በቀር ለእንቅልፍና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይበጃል ተብሎ የተገዛ ጠርሙስ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ድንበር ሊሻገር ይችላል። የነገሩን አኳኋን አስቀድሞ መረዳት ለሻጭም ለገዢም የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የአንድ ጠርሙስ ታሪክ

በ2012 በአሜሪካ አገር አንድ የጭነት መኪና ነጂ፣ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ሕመም ስለ ጸናበት፣ ከሄምፕ የተሠራና አደንዛዡ ነገር ፈጽሞ የሌለበት ተብሎ የተነገረለትን ጠብታ ገዝቶ ይወስድ ነበር። ከዚያም አሠሪው በድንገት ባደረገው ምርመራ በሽንቱ ውስጥ የካናቢስ ምልክት ተገኘና ከሥራው ተሰናበተ። ሰውየው በክሱ እንዳስረዳው፣ ያንኑ ዕቃ ለላቦራቶሪ ሰጥቶ ባስመረመረ ጊዜ የለበትም የተባለው ነገር አለበት ተብሎ ተረጋገጠለት። በ2015 ክስ መሠረተ። ክርክሩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቆይቶ፣ በአፕሪል 2 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ድምፅ ለአራት ሰውየው የሚደግፈውን ውሳኔ ሰጠ።

የውሳኔውን ወሰን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ረትቷል አላለም። ያለው፣ በንግዱ ወይም በሥራው ላይ ኪሣራ የደረሰበት ሰው፣ የኪሣራው መነሻ በአካሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው በሚል ምክንያት ብቻ የክስ በር አይዘጋበትም ነው። ክሱ የቀረበበት ሕግ ደግሞ ተከሳሹ ከተረታ የኪሣራውን ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ከተሸጠ ከዐሥራ ሦስት ዓመታት በኋላ እንኳ በላዩ የተጻፈው ቃል ሻጩን ሊጠይቀው እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የአንድ ተክል ሁለት ስም

በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ሄምፕና ካናቢስ አንድ ተክል ናቸው። የሚለያያቸው በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር መጠን ነው። ከተክሉ ንጥረ ነገሮች ሁለቱ በንግድ ስማቸው የታወቁ ናቸው፤ አንደኛው አእምሮን የሚያደነዝዘው ቴትራሃይድሮካናቢኖል፣ በአጭሩ ቲ.ኤች.ሲ. ሲሆን፣ ሁለተኛው የማያሰክረው ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲ.ቢ.ዲ. ነው።

ዲሴምበር 20 ቀን 2018 የተፈረመው የአሜሪካ የግብርና ሕግ፣ በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.3 የማይበልጥ ዴልታ ዘጠኝ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ተክልና ከእርሱም የሚወጣውን ነገር ሄምፕ ብሎ ሰይሞ፣ ከተከለከሉት ዕፆች መዝገብ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ሸቀጡ በየሱቁ በግልጽ ለመሸጥ በቃ።

እዚህ ላይ የነጋዴ ሒሳብ ያስፈልጋል። ከመቶ 0.3 የሚለው ልክ በእርሻ ላይ ለቆመ ሰብል እጅግ ትንሽ ነው። ይኸው ልክ ክብደቱ 5 ግራም በሆነ ከረሜላ ላይ ሲሰላ ግን 15 ሚሊ ግራም ቲ.ኤች.ሲ. ይሆናል። ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትና ሐኪም የሚያዘው ድሮናቢኖል የሚባለው መድኃኒት 2.5 ሚሊ ግራም ብቻ በያዘ እንክብል ስለሚጀመር፣ በዚህ ልክ የተሠራ አንድ ከረሜላ የዚያን ስድስት እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። እንግዲህ «ሕጋዊ ሄምፕ» የሚለው ቃልና «ቲ.ኤች.ሲ. የሌለበት» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም የላቸውም። ብዙ ገዢና ሻጭ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል

በሥራ ቦታ የሚደረገው የተለመደ የሽንት ምርመራ ሲ.ቢ.ዲ.ን አይፈልግም። የሚፈልገው ጉበት ቲ.ኤች.ሲ.ን ለውጦ የሚተወውን ቅሪት ነው። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ፈጣንና ርካሽ በሆነ ዘዴ ናሙናው ይታያል፤ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ደንብ ለዚህ ደረጃ የተወሰነው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 50 ናኖግራም ነው። ከዚህ ልክ የደረሰው ናሙና ንጥረ ነገሮችን በየዓይነታቸው ለይቶ በሚመዝን መሣሪያ እንደገና ይመረመራል፤ በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ልኩ 15 ናኖግራም ነው።

ናኖግራም ማለት አንድ ግራም ለአንድ ሺህ ሚሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው ድርሻ ነው። 50 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት፣ 20,000 ሊትር ውሃ በጫነ ቦቴ ውስጥ አንድ ግራም ጨው ተጨምሮ ቢሟሟ የሚገኘውን ልክ ማሰብ ነው። ምርመራው ይህን ያህል ረቂቅ ስለ ሆነ፣ ገዢው በሰውነቱ ላይ አንዳች የመስከር ስሜት ሳይሰማው ውጤቱ «አለበት» ሊባል ይችላል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የቲ.ኤች.ሲ. ባሕርይ ነው። አልኮል በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ሲወጣ፣ ቲ.ኤች.ሲ. ግን በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ቀስ በቀስ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የወሰደ ሰው በጥቂት ቀናት ሊጠራ ሲችል፣ በየዕለቱ የወሰደ ሰው ለሳምንታት ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ጠብታ ማታ ማታ ለእንቅልፍ የሚወስድ ሰው፣ የአንዱ ማታ መጠን ትንሽ ነው ብሎ ሊጽናና አይገባውም፤ ጠብታው በጠብታ ላይ ይከማቻልና።

የሸቀጡ ዓይነትና የሥጋቱ መጠን

ከሄምፕ የሚሠራው ሸቀጥ ሁሉ በእኩል አያሠጋም። ሊለዩ የሚገባቸው ወገኖች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የተጣራ ሲ.ቢ.ዲ. ነው። በእውነት ንጹሕ ከሆነ ምርመራውን አያስነሣም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስድስት ሰዎች ላይ ባደረጉትና በ2019 በታተመው ጥናት፣ 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ ሲ.ቢ.ዲ. ከወሰዱት መካከል ውጤቱ «አለበት» የተባለ አልነበረም። ሲ.ቢ.ዲ. በሆድ ውስጥ ወደ ቲ.ኤች.ሲ. ይለወጣል እየተባለ የሚነገረውም በዚህ ጥናት አልታየም። ጥያቄው እንግዲህ ዕቃው በእርግጥ ንጹሕ ነውን የሚለው ነው።

ሁለተኛው የተክሉን ንጥረ ነገሮች በሙሉ እንደያዘ የሚሸጠው ነው። በዚህ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. መኖሩ የታወቀ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ሰዎቹ 100 ሚሊ ግራም ሲ.ቢ.ዲ. እና 3.7 ሚሊ ግራም ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ካናቢስ በእንፋሎት መልክ አንድ ጊዜ ብቻ ሲስቡ፣ ከስድስቱ የሁለቱ ውጤት «አለበት» ሆነ። ይህ የሆነው በአንድ ጊዜ አወሳሰድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ሦስተኛው ዴልታ ስምንት የሚባለው ነው። ይህ ንጥረ ነገር በተክሉ ውስጥ በጣም ጥቂት ስለ ሆነ፣ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሲ.ቢ.ዲ. በኬሚካል ዘዴ ተለውጦ የሚሠራ ነው። የዴልታ ዘጠኝ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ያሰክራል፤ ቅሪቱም የመጀመሪያውን ደረጃ ምርመራ ሊያስነሣ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ሁለቱን ሊለያቸው ቢችልም፣ በተሠራበት ጊዜ ከተቀላቀለው ዴልታ ዘጠኝ የተነሣ ገዢው ሳይድን ሊቀር ይችላል።

አራተኛው ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. የተባለው አሲድ የበዛበት ደረቅ አበባ ነው። ሳይሞቅ አያሰክርም፤ እሳት ሲነካው ግን ወደ ቲ.ኤች.ሲ. ይለወጣል። ስለዚህ ይህን አበባ ያጨሰ ሰው በምርመራ ፊት ካናቢስ ካጨሰ ሰው የሚለይበት ነገር የለም።

የመጨረሻው የሄምፕ ዘርና ለምግብ የሚውለው የዘሩ ዘይት ነው። ዘሩ ራሱ ቲ.ኤች.ሲ. የለበትም፤ የሚያገኘው ከአበባውና ከቅጠሉ ሙጫ በመነካካት ነው። በሚገባ ታጥቦና ተጣርቶ የቀረበ ከሆነ ሥጋቱ ከሁሉም ያነሰ ነው።

የምልክት ወረቀቱ እምነት

ሻጩ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ለገዢው ቢያስተላልፍ ኃላፊነቱን የተወጣ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በ2017 በታወቀው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት የምልክት ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚታመን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲ.ቢ.ዲ. ዕቃዎችን ገዝተው ሲያስመረምሩ፣ በጽሑፋቸው ልክ ሆነው የተገኙት 26 ብቻ ነበሩ። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኘ። ይህም ከአምስቱ ጠርሙስ አንዱ ማለት ነው።

የአሠሪዎችና የደንብ አውጪዎች አቋም

የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በፌብሩዋሪ 2020 ባወጣው ማስታወቂያ ነገሩን ያለ ማወላወል አስታውቋል። ምርመራው የሚደረገው ለካናቢስ እንጂ ለሲ.ቢ.ዲ. አለመሆኑን፣ የብዙ ሸቀጦች ጽሑፍ ሊያሳስት እንደሚችል፣ «የወሰድሁት ሲ.ቢ.ዲ. ነው» የሚለው ቃልም በላቦራቶሪ ለተረጋገጠ ውጤት በቂ የሕክምና ምክንያት ሆኖ እንደማይቈጠር ገልጿል። ውጤቱን የሚያጣራው ሐኪም ይህን መልስ ቢሰማም ውጤቱን «አለበት» ብሎ ከማጽደቅ አይመለስም።

ይህ ለጭነት መኪና ነጂ ምን ማለት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ነጂው ወዲያውኑ ከመሪው ይነሣል፤ ባለሙያ መርምሮት የታዘዘለትን ትምህርት ወይም ሕክምና ፈጽሞ በድጋሚ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ እስኪገኝ ድረስም አይመለስም። ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ስሙ አሠሪዎች ሁሉ በሚመለከቱት የፌዴራል መዝገብ ላይ ይሠፍራል፤ መዝገቡም ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይቆያል። በብድር የተገዛ መኪና ያለው፣ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድርና ለአገር ቤት ወላጆቹ ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ ከሱቅ ባነሣው አንድ ከረሜላ ምክንያት ይህ ሁሉ ሊናጋበት ይችላል።

በስፖርትም ዘንድ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሲ.ቢ.ዲ.ን ከተከለከሉት ነገሮች መዝገብ አውጥቶታል፤ ሌሎቹን የካናቢስ ንጥረ ነገሮች ግን በውድድር ጊዜ እንደ ተከለከሉ ትቷቸዋል። ለቲ.ኤች.ሲ. የተወሰነው ልክ በሚሊ ሊትር 150 ናኖግራም በመሆኑ ከሥራ ቦታው ልክ ሰፋ ያለ ነው። ቢሆንም የተፈቀደውን ሲ.ቢ.ዲ. ገዝቶ ያልተፈቀደውን አብሮ የዋጠ ሯጭ፣ ሳያውቅ መዋጡ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ድንበር ሲሻገር

በአንዱ አገር ሸቀጥ የሆነው ነገር በሌላው አገር ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሸቀጥ ለመግዛት ወደ ዱባይ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህን በተለይ ሊያስቡበት ይገባል። በተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች አደንዛዥ ዕፅ መያዝ ብቻ ሳይሆን መውሰድም በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ በአሜሪካ ሥራ የሚያሳጣው የሽንት ውጤት በዚያ የወንጀል ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያም ቢሆን ካናቢስ የተከለከለ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ መነገድንና መጠቀምን ይቀጣል። አስመጪው ከአሜሪካ የሄምፕ ዘይት ወይም ከረሜላ እንዲያመጣ ሐሳብ ቢቀርብለት፣ በላኪው አገር መፈቀዱን እንደ ማስረጃ ይዞ መነሣት አይበቃውም። ዕቃው ከመታዘዙና ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ነጋዴው ሊያደርግ የሚገባው

ሸቀጡ በተፈቀደበት አገር የሚነግድ ባለሱቅ በመጀመሪያ ከአከፋፋዩ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ከአምራቹ ነጻ የሆነ ላቦራቶሪ የሰጠውን የምርመራ ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ በጠርሙሱ ላይ ካለው የምርት ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። አንድ የቡና ላኪ የአንዱን ጭነት ናሙና ለሌላው ጭነት ማስረጃ አድርጎ እንደማያቀርብ ሁሉ፣ ያለፈው ዓመት ምርት ወረቀትም ለዘንድሮው ጠርሙስ አይመሰክርም።

ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ላይ «አልተገኘም» የሚል ቃል ሲያነብ፣ የላቦራቶሪው መሣሪያ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ ልክ ስንት እንደ ሆነ ይመልከት። መሣሪያው ሊያየው ያልቻለ ነገር ሁሉ የለም ማለት አይደለምና። በተለይም ዴልታ ዘጠኝ ብቻ ሳይሆን ቲ.ኤች.ሲ.ኤ.ና ዴልታ ስምንት ተመርምረው እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር፣ ሻጩም ሆነ ሠራተኛው «ይህ በምርመራ አይታይም» የሚል ቃል ፈጽሞ ከአፉ እንዳያወጣ ነው። ገዢው በሥራው የሚመረመር ሰው እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ከሆነም ዕቃውን እንዳይወስድ በቀጥታ መምከር ይገባል። በዚህ ምክንያት የአንድ ጠርሙስ ትርፍ ይቀር ይሆናል፤ ደንበኛው ግን አይቀርም። ነጂ፣ ሯጭ ወይም በአሠሪው የሚመረመር ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወገን ሸቀጥ መራቁ ብቻ አስተማማኝ መንገድ መሆኑን ይወቅ።

ሕጉ ራሱ ደግሞ እየተለወጠ ነው። በኖቬምበር 12 ቀን 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ሕግ፣ ሒሳቡ በዴልታ ዘጠኝ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ቲ.ኤች.ሲ. እንዲሆን፣ ለተጠቃሚ በሚቀርብ አንድ መያዣ ውስጥም ከ0.4 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይኖር ደንግጓል፤ የሚጸናውም ከተፈረመበት ቀን አንድ ዓመት ሲሞላ እንዲሆን ተወስኗል። ዕቃ አከማችቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ቀን በመዝገቡ ላይ ሊያሠፍር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ቢጠብቅም ቢላላም የላቦራቶሪው መሣሪያ አሠራሩን አይለውጥም። መሣሪያው ጠርሙሱ ከየት እንደ ተገዛ፣ በላዩ ምን እንደ ተጻፈ፣ ገዢውም በምን ሐሳብ እንደ ወሰደው አይጠይቅም፤ በቀረበለት ናሙና ውስጥ ያገኘውን ብቻ ይናገራል። ስለ ጠርሙሱ አስቀድሞ እውነቱን ሊናገር የሚችለው ከመደርደሪያው በስተኋላ የቆመው ሻጭ ነው።